«ጨርሻለሁ» ያለችኝ ሴትና የአገና መንገድ

በደስታ የተናገራችሁት አንድ ቃል ከቀናት በኋላ ትዝ ብሏችሁ፣ «ያ ሰው ምን ብሎ ሰምቶኝ ይሆን?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ቡታጅራ፣ ቁርስ ላይ ተቀምጬ ነው።

ይህን የምጽፈው ከጉዞው ከተመለስኩ በኋላ ነው። ወደዚያ አገር ሄዳችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትሄዱ ስለምጽፍ መንገዱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን በየቀኑ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የታማሚዋን ስም ቀይሬዋለሁ፤ መንደሯንም አልጠራም።

ትርሲት እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አንድ የጤና ጥናት ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ተመዘገብኩ። ጥናቱ የሚጥል በሽታ ስላለባቸው ሰዎች ነበር፤ መድኃኒታቸውን እንዴት ይወስዳሉ፣ ለምን ያቋርጣሉ፣ ከወሰዱ በኋላስ ምን ለውጥ አገኙ የሚል። የእኔ ድርሻ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅና ቅጽ መሙላት ነው። በሽታው ሰው ሲጥል አይቼ አላውቅም። ማየቱንም እፈራ ነበር።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን ማለዳ ወጣሁ። ሐምሌ ላይ የእኛ አገር ብርድ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነበር። እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ።

«መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል?» አለችኝ።

«ጠይቄያለሁ እማዬ።»

«ማንን?»

ሻንጣዬን አንስቼ ወደ መኪናው ሄድኩ። ማንንም አልጠየቅሁም ነበር።

አዲስ አበባ ስደርስ ከአየር ጤና ሌላ መኪና ይዤ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጌ ወደ ወልቂጤ ወረድኩ። አስፋልቱ ደህና ነው። በየኬላው ቆመን መታወቂያ ስናወጣ ግን የመኪናው ወሬ በአንዴ ይቆማል። ኬላውን ስናልፍ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል። እናቴ አራት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ስጪኝ እስቲ» ብለው ስልኩን ተቀበሉኝና፣ «እመቤት፣ ልጅዎ ከእኔ ጋር ናት። ወልቂጤ በሰላም አወርዳታለሁ፤ አይጨነቁ» አሏት። ስሜን እንኳ አያውቁም። ወልቂጤ ስንደርስ ሻንጣዬን ይዘው እስከ ፔንሲዮኑ በር አደረሱኝ።

ወልቂጤ ትሞቃለች። እኛ ጋቢ ስንደራርብ እዚህ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል፤ ሁለቱንም ሹራብ አወለቅሁ። ምግብ ቤት ገብቼ ጎመንና አይብ ሳዝዝ ከእንጀራ ፋንታ ቆጮ መጣልኝ። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ ቂጣ ነው። እኔ እንደ ድፎ ዳቦ በጥርሴ ልገነጥለው ስታገል አስተናጋጇ አየችኝና እየሳቀች መጣች።

«እህቴ፣ ከሱ ጋር አትጣይ። በጣትሽ ቁረሺና አይቡን ጠቅልይበት።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ጣፈጠኝ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሥልጠና ነበር። ተቆጣጣሪያችን ሲስተር ዘይነባ ትባላለች፤ የቡታጅራ ልጅ፣ ብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ቅጹን ጥያቄ በጥያቄ አነበበችልን። እኔ በየጥያቄው እጄን እያወጣሁ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ስጨምር ቆየሁ።

«ቲቸር» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አንቺ ክረምቱን እረፍት ላይ ነሽ አይደል? በቃ አታስተምሪ። ጠይቂ፣ ስሚ፣ ጻፊ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «የሰው ቤት ስትገቡ ከጤና የመጡ ናቸው ተብላችሁ ነው የምትገቡት። ከአፋችሁ የሚወጣው ሁሉ የሐኪም ትእዛዝ ሆኖ ነው የሚሰማው። እንዳትረሱ።» ይህን በደብተሬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ «መድኃኒቱን ጨርሰዋል?» የሚል ነበር። መልሱ አዎ ወይም አልጨረስኩም ነው። ቀላል ስለመሰለን ማናችንም አልጠየቅንበትም፤ ሲስተርም አለፈችው።

ከሰዓት በኋላ በሽታው ሰው ሲጥል የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከፈተችልን። እኔ እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛ ሥር ጎነበስኩ፤ ቪዲዮው እስኪያልቅም ቀና አላልኩም።

ረቡዕ

በሚኒባስ በጉብሬና በእምድብር በኩል ወደ አገና ወጣን። የእኛ አገር ሜዳ ገላጣ ነው፤ ከገብሱ ማሳ ማዶ ያለውን ቤት፣ ከቤቱ የወጣውን ሰው፣ ሰውየው የያዘውን ዱላ ሳይቀር ታያላችሁ። እዚህ እንሰቱ ቤቱን ይከልለዋል። ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የሰው ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ሰውየው ግን አይታይም። በየቤቱ ፊት ለፊት የሚያልፈውን ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ጀፎረ ይሉታል። ጀፎረው ላይ ስሄድ ልቤ ያርፋል። ወደ እንሰቱ ስንገባ ግን ውሻ ከየት እንደሚመጣ ስለማይታየኝ የመሪዬን ነጠላ ጫፍ እይዛለሁ። መሪዬ ፀሐይ ትባላለች፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

«ክፍል ስትገቢም እንዲህ የሰው ልብስ ይዘሽ ነው?» እያለች አላገጠችብኝ።

ሦስተኛው ቤት የወይንሸት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ እሷ ከአማቷ ከእማማ ዘርፌ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነው፤ እሳቱ መሀል ወለሉ ላይ ይነዳል። ወይንሸት ከእሳቱ ርቃ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀኝ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ በቃጠሎ ጠባሳ ተጨማዷል። ከሁለት ዓመት በፊት በሽታው እሳቱ ላይ ጥሏት ነው። ከዚያ ወዲህ እሳት እንዳትነካ ተከልክላለች። ኪኒን ከጀመረች ስምንት ወሯ ሲሆን ላለፉት ስድስት ወራት አንድ ጊዜም አልጣላትም።

ታማሚው የሚጠየቀው ብቻውን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ስለዚህ እማማ ዘርፌ ደጅ ወጡ፤ ፀሐይም ቀጣዩን ቤት ልታስታውቅ ቀድማኝ ሄደች። ወይንሸት ጥያቄዎቹን ባጭር ባጭሩ እየመለሰች አሥራ አራተኛው ላይ ደረስን።

«መድኃኒቱን ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ» አለች ቀና ብላ። «አንድ ፍሬ አላስቀረሁም። የመጨረሻዋን ትናንት ማታ ዋጥኩ።»

«አዎ» የሚለውን አከበብኩ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ተማሪ መልስ ሲያገኝ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ጎበዝ! እንኳን ደስ አለሽ!»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው እንጂ! ስምንት ወር አንድም ቀን ሳታስተጓጉዪ! ስንቱ መንገድ ላይ ሰልችቶት ይተዋል መሰለሽ?»

የቀሩትን ጥያቄዎች ፈገግ እንዳለች መለሰች። የመጨረሻውን ገጽ ስገለብጥ አንገቷን ወደ ቅጹ አስግጋ፣ «ከእንግዲህ የለም?» አለችኝ።

«የለም፣ ጨርሰናል» አልኳት እስክሪብቶዬን እየከደንኩ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አማቷን በጉራግኛ ተጣራች። እማማ ዘርፌ ገብተው ጥቂት ተነጋገሩና እልል አሉ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፤ አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በግድ አስያዙኝ። አገና ከተማ ወደማድርበት ፔንሲዮን ስገባ በደብተሬ «የዚህ አገር ሰው እንግዳ ሲሸኝ እልል ይላል» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ

ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ተራራ ያቋርጣል። አቅራቢያችን ያለውን የጣርማ በር ተራራ ጉም እያየሁ ያደግሁ ስለሆንኩ ጉም አያስፈራኝም ብዬ ነበር። ነገር ግን ጣርማ በርን ሳልፍ መሪ የያዘው ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲነዳ አይቼ አላውቅም። የሚኒባሱ ሹፌር ጋሽ ሙሄ እንደዚያ ነበር የሚነዱት። በቀኝ ገደል አለ ይላሉ፤ እኔ ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ። የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ።

«ጋሽ ሙሄ፣ መንገዱ ይታይዎታል?» አልኳቸው።

«ከየት ነሽ አንቺ?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«ታዲያ ጣርማ በር ላይ እንዴት ነው የምታልፉት?»

«እዚያማ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያሳልፍ የመኪና ዋሻ አለ።»

«እዚህ ዋሻው እኔ ነኝ!» ብለው ሳቁ፤ መኪናውም አብሮ ሳቀ።

«ኧረ አታስቋቸው» አለች ከኋላ አንዲት ነጋዴ፣ «ሲስቁ ፍሬን ይረሳሉ።»

እኔ እስክንወርድ ድረስ አልሳቅሁም።

ዓርብና ቅዳሜ

ቡታጅራ በአየሯ ከወልቂጤ ይልቅ ለደብረ ብርሃን ትቀርባለች፤ ማታ ማታ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። በሁለቱ ቀን አሥራ አንድ ቤት ገባሁ። አንድ አናጺ ኪኒኑ ቶሎ እንዳያልቅበት ግማሽ ግማሽ እየሰበረ እንደሚውጥ ነገረኝ። አንዲት እናት ጎረቤት እንዳያይባት የልጇን መድኃኒት ስኳር ዕቃ ውስጥ ትደብቃለች። ሁለቱንም ዝም ብዬ ጻፍኩ፤ ሥራዬን ለመድኩት ብዬም በራሴ ኮራሁ።

እሑድ

ሲስተር ዘይነባ ቤቷ ቁርስ ጋበዘችኝ። ፉልና ትኩስ ዳቦ አቅርባ በግራ እጇ የእኔን ቅጾች ታገላብጣለች።

«ይቺ የአገናዋ አሥራ አራት ላይ አዎ ይላል። ከጀመረች ስንት ወሯ ነው?»

«ስምንት።»

«በስምንት ወር ማን አስጨረሳት?»

«ራሷ ናት ጨርሻለሁ ያለችው።»

«ምኑን?»

ሲስተር ያስረዳችኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። ይህ ኪኒን እንደ ወባ መድኃኒት ጥቂት ቀን ተውጦ የሚያበቃ አይደለም። ታማሚው ቢሻለውም ለዓመታት ይወስደዋል፤ ሲቆምም ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። በድንገት ከቆመ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል፤ አንዱ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ ሰው ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ የሚታደለው ደግሞ በየወሩ ነው። ወይንሸት ጨረስኩ ያለችው የወሩን ነበር። በማግሥቱ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሚቀጥለውን መውሰድ ነበረባት።

«እሷ ጨርሻለሁ ስትል አንቺ ምን አልሻት?» አለች ሲስተር።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ሌላስ?»

«መጨረሻ ላይ 'ከእንግዲህ የለም?' አለችኝ። ስለ ጥያቄው የጠየቀችኝ መስሎኝ 'የለም፣ ጨርሰናል' አልኳት።»

ሲስተር የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። እልልታው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እየሸኙኝ አልነበረም።

ፀሐይ ጋ ደወልን፤ ስልኳ ዝግ ነው። ወይንሸት ስልክ የላትም። ቅጹ ላይ የባሏ ቁጥር ስለነበረ አዲስ አበባ ደወልኩ። ከጤና ጥናቱ ነው ስለው ድምፁ ፈካ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ! እግዜር ይስጥልኝ! ረቡዕ ማታ በጎረቤት ስልክ ነገረችኝ እኮ። ጨርሰሻል፣ ከእንግዲህ የለም አሉኝ አለች። እናቴም እሳቱን መልሳላታለች።»

ሲስተር ስልኩን ከእጄ ወስዳ ነገሩን አስረዳችው። እኔ የሰማሁት ያንኑ አንድ ቃል ብቻ ነው። እሳቱን መልሳላታለች። ባሏ የጎረቤቱን ስልክ ደጋግሞ ሞከረ፤ የሚያነሳ አልተገኘም።

ሲስተር ቀድሞ ትሠራበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ ሄዳ ተረኛውን አስጠርታ እስከ ሐሙስ የሚበቃ ኪኒን አስወጣች። ወይንሸት ስንት እንደምትወስድ ልኩን ቅጹ ላይ በጥንቃቄ ጽፌው ነበር፤ በዚያ ቀን የጠቀመ ሥራዬ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሮጥን። ጋሽ ሙሄ መኪናቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው።

«የደብረ ብርሃኗ! ናፈቅሁሽ እንዴ?»

«ጋሽ ሙሄ፣ ሳይሞላ መሄድ አለብን» አለች ሲስተር። «አገና ሰው ሊሞትብን ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። «የማን ልጅ?»

«የሰው ልጅ።»

ሌላ ቃል ሳይናገሩ ሞተሩን አስነሱ። ከተሳፋሪዎቹም «ይሙላ» ያለ የለም።

ተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ ጭቃ ወርዶ መንገዱን ይዞታል፤ አንድ የጭነት መኪና እዚያው ሰምጦ ቆሟል። ወረድን። ወንዶቹ ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ሴቶቹ ቅጠል ያነጥፋሉ። አንዲት እናት የራሳቸውን የማዳበሪያ ጆንያ፣ ድንቹን መንገድ ዳር ዘርግፈው፣ ጎማው ሥር አነጠፉልን። እኔ ድንጋይ እያቀበልኩ ማታዎቹን እቆጥራለሁ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። አራት ማታ። ስጨርስ እንደገና ከረቡዕ እጀምራለሁ። ገደሉ አሁን በግራ በኩል ነው፣ ጉሙም ያው ነው፤ ሐሙስ ዕለት እነሱን እንደፈራሁ ትዝ ሲለኝ ገረመኝ።

አገና ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ጀፎረው ላይ ወጥቼ ወደ ወይንሸት ቤት ስመለከት ከሣሩ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። እኛ ሠፈር ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ጣሪያ ከጨሰ ቤት እየተቃጠለ ነው። እዚህ ግን ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ሁልጊዜም ይወጣል፤ ይህን ረቡዕ ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ። ማወቄ አልረዳኝም። ሮጥኩ። ስለ ውሻ አላሰብኩም።

ወይንሸት እሳቱ ላይ ጎንበስ ብላ በማማሰያ ጎመን ታማስላለች። እማማ ዘርፌ እሷ ከዚህ በፊት ትቀመጥበት የነበረው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል።

«መጣሽ!» አለች ወይንሸት። «እማዬ፣ መጣች! ቁጭ በዪ፣ ዛሬ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳትበሉ አትሄዱም!»

ግንባሯ ተልጧል። ሲስተር ዘይነባ ሰላምታውን እንደጨረሰች አጠገቧ ተንበረከከች።

«ግንባርሽን ምን ነካው?»

«ጓሮ እንጨት አደናቀፈኝ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«እስቲ ምላስሽን አሳዪኝ።»

የወይንሸት ፈገግታ ጠፋ። «ምላስ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አሉ እማማ ዘርፌ። ወይንሸት ወለሉን አየች፣ ማማሰያውን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። የምላሷ ጎን ተነክሶ ጠቁሯል። በሽታው ሲጥል መንጋጋ ይገጥማል፤ ምላስ መሀል ይገባና ይነከሳል። እንጨት አደናቅፎት የወደቀ ሰው ምላሱን እንዲህ አይነክስም።

«ወድቀሽ ነበር?» አሉ እማማ ዘርፌ። ድምፃቸው ቀጠነ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሳቱን እንዳይወስዱብኝ።»

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። ይህን እሷ እንደማትናገርልኝ ገባኝ።

«ወይንሸት» አልኩ፣ «ረቡዕ ዕለት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንቺ የወሩን ጨረስኩ ስትዪ እኔ ሁሉንም የጨረስሽ መስሎኝ ነበር። 'ከእንግዲህ የለም?' ስትዪኝም ስለ ጥያቄው መስሎኝ የለም አልኩሽ። መድኃኒቱ አላበቃም። ማቆም አልነበረብሽም።»

እማማ ዘርፌ ቀረብ አሉኝ። «የትኛዋን እንመን ልጄ? የረቡዕዋን ነው የዛሬዋን?»

«የዛሬዋን፣ እማማ።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ይዘሽ ብትመጪስ?»

ሲስተር ኪኒኑን ዘረጋችላት። ወይንሸት እጇን አላነሳችም። ከጉዞው ሁሉ በጣም የፈራሁት ያቺን ሰዓት ነው። ገደሉን፣ ኬላውን፣ ጉሙን አልፌያለሁ፤ እዚህ ግን ልጅቱ ከእንግዲህ ማንንም ባታምን፣ ዛሬ ማታ ባትውጥ፣ ነገ እሳቱ ላይ ብትወድቅ፣ ምክንያቱ የእኔ አፍ ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ ብለሽኛል» አለችኝ ወይንሸት።

«ብዬሻለሁ።»

«ለምን አልሺኝ?»

«ጎበዝ ስለሆንሽ። ስምንት ወር አንድ ቀን ስላላለፍሽ። ተሽሎሻል፤ አልዳንሽም ግን።»

እሳቱ ተንጣጣ። ወይንሸት ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ላይ አራግፋ ለአማቷ ሰጠች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ተነስታ ከእሳቱ ራቀችና ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። እጇን ለሲስተር ዘረጋች።

እኔ ያኔ ማስረዳት ልጀምር ነበር፤ አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ። ሲስተር ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ እንዲህ ብቻ አልኳት፦

«ወይንሸት፣ ከእኔ ምን ሰማሽ? በራስሽ አፍ ንገሪኝ።»

ቶሎ አልመለሰችም። ክፍል ውስጥ ቢሆን ሦስት ጊዜ ጣልቃ ገብቼባት ነበር።

«ማታ ማታ እውጣለሁ» አለች። «ሲያልቅ ጨረስኩ አልልም፤ አለቀብኝ እላለሁ። ሐሙስ ሄጄ እወስዳለሁ። ቢሻለኝም እወስዳለሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ደስ ቢልሽም።»

ጎመኑን እማማ ዘርፌ አቀረቡልን። «ብሉ እንግዲህ፤ እሷ ናት የሠራችው» አሉ። በላን። መሽቶብን ርቀን እንድንሄድ ስላልፈለጉ እዚያው አሳደሩን፤ ለእኔ የራሳቸውን መኝታ ለቀቁልኝ። ይህን ደግነት ልቀበለው አፍሬ ነበር፤ እምቢ ማለቱ ደግሞ የባሰ ነውር ነበር።

ሰኞ

በማግሥቱ ፀሐይ መጥታ ወይንሸትን ከእኛ ተረከበች፤ በየሳምንቱ እየመጣች እንደምታያትም ተስማሙ። ወልቂጤ ስንመለስ ሲስተር አሥራ አራተኛውን ጥያቄ አስለወጠችው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ወር መድኃኒትዎ አልቋል? የሚቀጥለውን መቼ ይወስዳሉ?» «አዎ» ብዬ ያከበብኳቸው ሌሎች ሁለት ቅጾች ነበሩ፤ ሁለቱንም ደወልንላቸው። መድኃኒታቸውን ወስደዋል። እነሱን እንኳን ደስ አላችሁ አላልኳቸውም ነበር።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ፀሐይ ደወለችልኝ። ወይንሸትን በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ ጥሏታል፤ ከእሳት ርቃ ስለነበር አልተጎዳችም። ከዚያ ወዲህ አልጣላትም። እሳቱን የሚያነዱት አሁንም እማማ ዘርፌ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ፣ በመድኃኒት መውሰጃዋ ቀን፣ ስልኬ ሲጠራ ግን ዛሬም ልቤ ይመታል።

አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሐኪም መሆን፣ መምህር መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ለአንድ ሰው የሚጠቅመውን ነገር ስትነግሩት፣ ለእናታችሁ የኪኒኗን ሰዓት፣ ለጎረቤት የቀጠሮውን ቀን፣ ንግግራችሁን ስትጨርሱ «ገባህ?» አትበሉት። ሁሉም ሰው አዎ ይላል። «ከእኔ ምን ሰማህ?» በሉት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አጭር ዝምታ ትኖራለች፤ ስትጠብቋት ትረዝማለች፣ ምላሳችሁንም ትበላችኋለች። እንዳትሞሏት። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩትና የሚነግራችሁን ስሙ።